ኤረንፌልድ ላይ የቆመው መስጊድ የማን ነው?
በጀርመን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ዛሬ የምናገረው በዚሁ በኮሎኝ ከተማ፣ ኤረንፌልድ በሚባለው ሠፈር፣ ፌንሎር ጎዳና ከኢነረ ካናል ጎዳና ጋር በሚጋጠምበት ማዕዘን ላይ ስለቆመው ማዕከላዊ መስጊድ ነው። ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ አልፋችኋል፤ ወደ ውስጥ የገባችሁ ግን ጥቂቶች እንደምትሆኑ እገምታለሁ። መስጊዱን ያሠሩት ከቱርክ የመጡ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ታሪኩም የሚጀምረው የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ይህን ርዕስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በጀርመን የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናመልከው በተውሶ ወይም በኪራይ ቤት ነው። ቅዳሴያችን የካቶሊኩ ወይም የፕሮቴስታንቱ ምእመን ጸሎቱን ጨርሶ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሙስሊሞቻችንም በብዛት የሚሰግዱት ሌሎች ባቋቋሟቸው መስጊዶች ነው። «የራሳችን ቤት መቼ ይኖረናል?» የሚለው ጥያቄ በስብሰባችን ሲነሣ ንግግሩ ወዲያው ወደ መዋጮ ይዞራል። ከቱርኮቹ ታሪክ እኔ የተረዳሁት ግን ገንዘቡ ከጣጣዎቹ ሁሉ የቀለለው መሆኑን ነው። የከበደው፣ ቤቱን የሚሠሩት ሰዎች እዚሁ ኖረው እዚሁ የሚያረጁ የዚህ አገር ነዋሪዎች መሆናቸውን የመጡበት አገር መንግሥትም ሆነ የተቀበላቸው አገር መንግሥት ከልቡ እንዲያምን ማድረጉ ነበር። አንዱ እንደ እንግዳ፣ ሌላው ደግሞ ባሕር ማዶ እንዳለ ንብረቱ ይቆጥራቸው ስለነበር፣ መስጊዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሁለቱም አስተሳሰብ መፈተኛ ሆነ።

ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ያደረጉት ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ኦገስት ወር የበርሊን ግንብ በመታጠሩ ከምሥራቅ ጀርመን ይመጣ የነበረው የሰው ኃይል ተቋርጦ፣ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ቱርካዊው ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሠርቶ ይመለሳል፣ በቦታውም ሌላው ይተካል። ሥራውን የለመደውን ሰው እየሸኙ አዲስ ሰው ማሠልጠን ለፋብሪካዎቹ ኪሳራ ስለሆነባቸው ግን ገደቡ በ1964 ተነሣ። እዚህ ኮሎኝ፣ ኒል በሚባለው ሠፈር የሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ቱርኮችን ቀጠረ። ሰዎቹ በፋብሪካ ማደሪያ ውስጥ ተጣበው እየኖሩ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሐሳባቸው መሬት ወይም ትራክተር ገዝቶ ወደ አናቶሊያ መመለስ ነው። እንዲህ ለሚያስብ ሰው መስጊድ መሥራት ትዝ አይለውም፤ መስገጃውን የሚዘረጋበት ጥግ ካገኘ ይበቃዋል።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1965 የረመዷን ጾም ተፈትቶ ዒድ ሲውል ግን ጥጉ አልበቃም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱርካውያን ሠራተኞች የበዓሉን ሶላት የሰገዱት፣ የካቴድራሉ አስተዳደር ፈቅዶላቸው፣ የከተማዋ ምልክት በሆነው በታላቁ የኮሎኝ ካቴድራል ሰሜናዊ ክንፍ ውስጥ ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሙስሊሞች ያላትን አክብሮት የገለጸበትን ሰነድ ያወጣው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ነበርና፣ የኮሎኝ ካህናት ጉባኤውን በስምንት ወር ቀድመውት ነበር ማለት ነው። ይህ ታሪክ በኋላ ስለ መስጊዱ በተነሣው ክርክር ከተነገረው እጅግ አብልጦ ሊነገር ይገባው ነበር እላለሁ። ሆኖም ፈቃዱ ለእንግዳ የተደረገ ደግነት እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ለእንግዳ ለአንድ ቀን ቤትን መልቀቅ አይከብድም፤ ነገሩ የሚለወጠው እንግዳው መሬት ገዝቶ ጎረቤት ልሁን ሲል ነው።

በ1973 ጀርመን የውጭ ሠራተኛ መቅጠሯን አቆመች። እርምጃው ቁጥራቸውን ለመቀነስ የታሰበ ቢሆንም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ መግባት እንደማይችል የተረዳው ሠራተኛ መውጣቱን ትቶ ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ። ልጆች ሲመጡ ደግሞ ቁርኣን የሚቀሩበት፣ አባቶች ከሥራ መልስ ሻይ እየጠጡ የሚወያዩበት ቦታ አስፈለገ። ስለዚህ ጓሮ ያሉ መጋዘኖች፣ የተዘጉ ዎርክሾፖችና ምድር ቤቶች እየተከራዩ መስጊድ ሆኑ። ሚናራ የላቸው፣ ጉልላት የላቸው፣ ከመንገድ አይታዩ። በ1983 የጀርመን መንግሥት ወደ አገሩ ጠቅልሎ ለሚመለስ ሥራ አጥ የውጭ ዜጋ 10,500 ማርክ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት በ1984፣ የቱርክ መንግሥት የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የሆነው ዲያኔት እነዚህን የተበታተኑ መስጊዶች በአንድ ጥላ ሥር የሚያሰባስብ ዲቲብ የተባለ ማኅበር በኮሎኝ አቋቋመ። እንግዲህ አንደኛው መንግሥት ሰዎቹ እንዲሄዱ ሲከፍል፣ ሁለተኛው መንግሥት ደግሞ ከእጁ እንዳይወጡ ኢማም እየላከላቸው ደመወዙን ይከፍል ነበር። የዲቲብ ዋና ቢሮና መስጊድ ያረፈውም በኤረንፌልድ በሚገኝ የቀድሞ ፋብሪካ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ልውጣ። ዲቲብ የቀብር ፈንድ አለው፤ አባላቱ በየዓመቱ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት አስከሬኑ ታጥቦና ተገንዞ ወደ ቱርክ የሚላክበት ወጪ ከዚያ ይሸፈናል። እድር ለለመድነው ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛም በየከተማው ለዚሁ ዓላማ እናዋጣለን። ለመኖሪያቸው ሲሉ መስጊድ የሠሩ ሰዎች ለመቃብራቸው አሁንም አናቶሊያን ይመርጣሉ። ይህን አይቶ «ልባቸው እዚህ አይደለም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ሰው በአንድ አገር ኖሮ በሌላ መቀበር ሊፈልግ እንደሚችል እኛው ራሳችን ምስክሮች ነን።

ወደ ሕንፃው ልመለስ። ዲቲብ የቀድሞውን ፋብሪካ አፍርሶ በቦታው እውነተኛ መስጊድ ለመሥራት ውድድር አውጥቶ በ2006 ያሸነፈው ፓውል ቦም የተባለ የኮሎኝ አርክቴክት ነው። የቦም ቤተ ሰብ ሦስት ትውልድ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትን ሲሠራ የኖረ ነው። አያቱ ዶሚኒኩስ በሪል ሠፈር የሚገኘውን የቅዱስ ኤንግልበርት ቤተ ክርስቲያን ሠርቷል፤ አባቱ ጎትፍሪድ የኔቪገስን የማርያም መሳለሚያ ቤተ ክርስቲያን የሠራና በ1986 ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን ታላቁን የፕሪትዝከር ሽልማት የተቀበለ፣ በ2021 ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፎ ያረፈ ታላቅ ሰው ነው። የሕንፃው መልክ የኢስታንቡልን ታላላቅ መስጊዶች አይቀዳም። ጉልላቱ እንደ ክፍት ቅርፊት በሚታዩ የኮንክሪት ግድግዳዎች ተከፋፍሎ በመካከላቸው መስታወት ስለገባበት፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ወደ ውስጥ፣ ሰጋጁም ወደ መንገዱ ይመለከታል። የሶላቱ አዳራሽ 1,200 ያህል ሰው ይይዛል፤ ሁለቱ ሚናራዎች 55 ሜትር ይረዝማሉ። ከመንገዱ ሰፊ ደረጃ ተወጥቶ ወደ አደባባዩ ይገባል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ የስብሰባ አዳራሽና ሱቆችም አሉት። ለብዙ ዓመት በጓሮ በር ሲገቡ ለኖሩ ሰዎች ያ ደረጃ ከሚናራው ይልቅ ትልቅ ትርጉም ያለው ይመስለኛል።

ገንዘቡ የተገኘው በአመዛኙ ከምእመናኑ ነው። በመላ ጀርመን ካሉ የማኅበሩ መስጊዶች መዋጮ ተሰብስቧል። ሴቶቹ በየመስጊዱ ግቢ በሚዘጋጀው ባዛር ቦረክና ላህማጁን እየጋገሩ ሲሸጡ አይታችሁ ከሆነ፣ የእኛ እናቶች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እንጀራና ሳምቡሳ ከሚሸጡበት ባዛር እምብዛም እንደማይለይ ታውቃላችሁ።

የጭቅጭቁ ዘመን 2007 እና 2008 ነበር። ፕሮ ኬልን የሚባል ቀኝ ጽንፈኛ ቡድን መስጊዱን የምርጫ መፈክሩ አደረገው፤ ከዚህ ቡድን ሌላ አልተጠበቀም። ከተማዋን ያንቀጠቀጣት የደራሲው የራልፍ ጆርዳኖ ተቃውሞ ነው። ጆርዳኖ እናቱ አይሁዳዊት በመሆኗ በናዚ ዘመን ከሞት ለጥቂት የተረፈ፣ ከጦርነቱም በኋላ ዘረኝነትን ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው ግንባታው እንዲቆም ጠየቀ፤ መስጊዱ የመዋሐድ ሳይሆን የኃይል ማሳያ ነው ብሎ ተከራከረ፤ የግድያ ዛቻም ደረሰበት። ፊታቸውን ስለሚሸፍኑ ሴቶች የተናገረው ቃል ለእሱ የማይመጥን ነበር፤ ነገር ግን «በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያዘው ማን ነው?» ብሎ ያነሣው ጥያቄ በዘረኝነት ሊጣጣል የማይገባው ነበር። ጥያቄው ከእኛ ከወዳጆቹ አፍ ቀድሞ ሊወጣ ሲገባው ከተቃዋሚ አፍ በመውጣቱ መልስ ሳያገኝ ቆየ።

ስለ ሚናራዎቹ ቁመት የተደረገው ክርክር ግን ምንም ፍሬ አልነበረውም። የካቴድራሉ ማማዎች 157 ሜትር ይረዝማሉ፤ ከመስጊዱ ብዙም ሳይርቅ ኮሎኒየስ የተባለው የቴሌቪዥን ማማ 266 ሜትር ላይ ቆሟል። በ55 ሜትር ሚናራ የከተማዋ ገጽታ ይበላሻል ያለው ሰው የሚያየው ሜትሩን እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ አንድ የቱርኮች የባህል ማኅበር በቫንገን ከተማ በቤቱ ጣሪያ ላይ ያቆመው 6 ሜትር ገደማ የሆነ ሚናራ ባስነሣው ክርክር ጉዳዩ ሕዝበ ውሳኔ ደርሶ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 2009 ከድምፅ ሰጪዎቹ 57 በመቶ ያህሉ አዲስ ሚናራ በሕገ መንግሥት እንዲከለከል ወስነዋል። በጭቅጭቁ ዘመን፣ በ2007፣ የኮሎኙ ካርዲናል ዮአኺም ማይዝነር በካቴድራሉ የተገጠመውን የሠዓሊ ጌርሃርድ ሪኽተርን አዲስ ባለቀለም መስኮት አይተው ለመስጊድ ይሻላል ማለታቸውም የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። ከ11,000 በላይ ባለቀለም መስታወቶች ያሉት ያ መስኮት ዛሬ ጎብኚዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያደንቁት ነው።

የከተማዋ ከንቲባ ፍሪትስ ሽራማ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ፓርቲ አባል ነበሩ። መስጊዱን ሲደግፉ የራሳቸው ፓርቲ ከኋላቸው አልቆመም፤ ኦገስት 28 ቀን 2008 የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን ሲያጸድቅ ፓርቲያቸው በተቃውሞ ሲቆም እርሳቸው ከሌሎቹ ፓርቲዎች ጋር ድምፅ ሰጡ። በፊንግስት ሠፈር የሚገኝ አንድ የካቶሊክ ደብር ቄስም በቅዳሴ ላይ ለመስጊዱ ማሠሪያ ሙዳየ ምጽዋት አዙረዋል። በሴፕቴምበር 2008 ፕሮ ኬልን ከአውሮፓ አገሮች መሰሎቹን ጠርቶ በከተማዋ ሊሰበሰብ ሲል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የኮሎኝ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የታክሲ ነጂዎች አንጭንም፣ ቢራ ቤቶች አንቀዳም አሉ፤ ስብሰባውም በፖሊስ ትእዛዝ ተበተነ። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ኖቬምበር 7 ቀን 2009 ነው። ጎረቤቱ በዚያ ቀን ሰዎቹን እንደ እንግዳ ማየቱን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ትቶ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ግን በአብዛኛው ከጎረቤት የመጣ አልነበረም። በ2011 ዲቲብ በሥራው ጥራት አልረካሁም ብሎ ከአርክቴክቱ ጋር ያለውን ውል አፈረሰ፤ በኋላ አማካሪ አድርጎ መለሰው። ከሥራ ተቋራጩም ጋር ተካሰሰ። በጥቂት ዓመታት ያልቃል የተባለው ሕንፃ በሩን ለጁምዓ ሶላት የከፈተው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት የጀርመን ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከቱርክ የተላኩ አንዳንድ ኢማሞች የቱርክ መንግሥት በጠላትነት የሚያየውን የሰባኪውን የፈቱላህ ጉለንን ተከታዮች እየሰለሉ ለአንካራ አሳውቀዋል በሚል ጥርጣሬ ቤታቸውን አስፈተሸ፤ ምርመራው ክስ ሳይመሠረት ተዘጋ። ክስ ባይኖርም ለምእመኑ የደረሰው ጉዳት ቀላል አልነበረም። አሥር ዓመት ሙሉ «ይህ የእኛ የኮሎኞች መስጊድ ነው» ሲል የኖረው ወጣት፣ ኢማሙ የሌላ አገር መንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ለጎረቤቱ ማስረዳት ነበረበት።

ነገሩ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል እንደነበር ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ያለው የዱይስቡርግ ማርክስሎው መርከዝ መስጊድ ያሳያል። እሱም የዲቲብ ነው፤ እሱም 1,200 ሰው ይይዛል። ከመጀመሪያው የአካባቢው ነዋሪዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት በአማካሪ ቦርድ ተካተቱ፤ ለሕዝብ መገናኛ ማዕከሉ የኖርድራይን ቬስትፋለን ግዛትና የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጡ። በኦክቶበር 2008 ሲመረቅ የግዛቲቱ ርዕሰ መስተዳድር ዩርገን ሩትገርስ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ሰዉ «የማርክስሎው ተአምር» ይለው ነበር። እኔ ተአምር አልለውም፤ ሚናራው 34 ሜትር ብቻ መሆኑም ሆነ ከተማው አነስተኛ መሆኑ ነገሩን ሳያቀልለው አልቀረም፤ ዋናው ግን የተጀመረው ከጎረቤት በመሆኑ ነው።

የኮሎኙ መስጊድ በይፋ የተመረቀው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2018 በቱርኩ ፕሬዚዳንት በሬጄፕ ጣይብ ኤርዶጋን ነው። ከዚያ አሥር ዓመት በፊት እኚሁ ሰው በዚችው ከተማ በታላቁ አዳራሽ ተገኝተው፣ ማንነትን አጥፍቶ በሌላው ውስጥ መሟሟትን በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ብለውት ነበር። በምረቃው ቀን በሠፈሩ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ተዘጉ፤ የከተማው አስተዳደር የጸጥታ ዕቅዱ በቂ አይደለም በማለት ከደጅ ሊደረግ የታሰበውን ትልቅ ሕዝባዊ ስብሰባ ስለከለከለ ብዙ ምእመናን ከፖሊስ አጥር ውጪ ቆመው ዋሉ። ከንቲባዋ ሄንሪየተ ሬከርም ሆኑ የግዛቲቱ ርዕሰ መስተዳድር አርሚን ላሼት በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኙም። የፖለቲካ ስማቸውን ለዚህ ሕንፃ አስይዘው የተሟገቱት ሽራማም በተደረገላቸው አያያዝ ማዘናቸውን በይፋ ተናግረዋል። የፎርድ ጡረተኛ በደመወዙ ያሠራውን ቤት ሪባን የቆረጠለት ኮሎኝ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ የማያውቅ የአገር መሪ ሆነ። የቱርክን ፕሬዚዳንት መጋበዝ መብታቸው ነው፤ ለጎረቤት ወንበር አለማዘጋጀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን የደረሰው ጉዳት ፕሮ ኬልን በብዙ ዓመት ካደረሰው ይበልጣል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የታየው ለውጥ ድምፅ ያልበዛበት ነው። ከተማው በ2021 ባወጣው የሙከራ ፕሮግራም መሠረት ኦክቶበር 14 ቀን 2022 መስጊዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጁምዓን አዛን በድምፅ ማጉያ አሰማ። ፈቃዱ ለአርብ ብቻ፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢበዛ ለ5 ደቂቃ ነው፤ ድምፁም ለጎረቤት ሲደርስ ከ60 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም፤ ከመስጊዱ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ጎዳና የመኪናው ጫጫታ ስለሚውጠው ብዙ ሰው አይሰማውም። ከአዛኑ ይልቅ የሚመዝነው ሌላው ነው። ዲቲብ ከ2020 ጀምሮ በአይፍል አካባቢ በምትገኘው ዳሌም ኢማሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በዲሴምበር 2023 ደግሞ የጀርመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዲያኔትና ከዲቲብ ጋር ተስማምቶ፣ በየዓመቱ 100 ኢማሞች በጀርመን ሠልጥነው ከቱርክ የሚላኩትን ቀስ በቀስ እንዲተኩ ተወሰነ። በጁን 2024 ሥራ ላይ የዋለው የዜግነት ሕግም የቱርክ ዜግነታቸውን ሳይተዉ ጀርመናዊ መሆን እንዲችሉ ፈቀደላቸው። ስልሳ ዓመት አልፎም ቢሆን ሁለቱ መንግሥታት ሰዎቹ እንደማይሄዱ በወረቀት አምነዋል። ወረቀቱ ሥራ ላይ ይዋል አይዋል የሚታወቀው ኮሎኝ ተወልዶ ያደገ ኢማም በዚያ ሚንበር፣ ማለትም በስብከቱ መድረክ፣ ላይ ወጥቶ ኹጥባውን፣ የአርቡን ስብከት፣ በጀርመንኛ ሲያሰማ፣ የመስጊዱም ቦርድ ከአንካራ ሳይጠይቅ ሲመረጥ ነው።

የራሳችንን ቤት ለመሥራት ስንነሣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንድንወስድ እጠይቃለሁ፦ የመተዳደሪያ ደንቡ ከሥዕላዊ ዕቅዱ ቀድሞ ይጻፍ። ንብረቱ በማን ስም ይመዘገባል፣ አገልጋዩን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያወርዳል፣ አገር ቤት ያለው ሲኖዶስ ወይም ምክር ቤት ሲከፋፈል እዚህ ያለው ቤት ምን ይሆናል? በውጭ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በአገር ቤት ክፍፍል ምክንያት ስንት ዓመት ለሁለት ተከፍሎ እንደቆየ ታውቃላችሁና ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

መስጊዱን ማየት ለምትፈልጉ፣ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 3፣ በጀርመን የአንድነት ቀን፣ በመላ አገሪቱ ያሉ መስጊዶች በራቸውን ለማንኛውም ጎብኚ ይከፍታሉ። ጫማ ማውለቅ እንደሆነ ክርስቲያኖቹም ለምዳችሁታል። ለጎብኚ የሚያስረዱት ወጣቶች ጀርመንኛቸው የኮሎኝ ዘዬ ያለበት ነው፤ ስለ ሥነ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ስለ ቦርዱም ጠይቋቸው። አሁን ደግሞ እናንተ የምትጠይቁኝ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።